ርካሹ ሰዓት

ወረቀቱ ማክሰኞ መጣ፣ ከቢሉ ጋራ ታጥፎ፣
ማኅተሙን ካፊያ ነክቶት፣ ሰማያዊው ወደ ዳር ተርፎ።
«ከምሽቱ አሥራ ሁለት እስከ አራት ሰዓት ይወደዳል፤
ከሌሊቱ አምስት እስከ ንጋት በግማሽ ዋጋ ይታሰባል።
የፈለገ ደንበኛ ወሩ ሳያልቅ ይፈርማል።»

አሳ ሻጭ ነኝ፤ በዓይን ግምት ሸጦ ያተረፈ አላየሁም፤
ሳልመዝን አልናገርም፣ ሳልለካ አልፈርምም።
ከልጄ ከየኔዓለም ጠመኔ ለመንሁና
ከቆጣሪው ሥር፣ ግድግዳው ላይ መጻፍ ጀመርሁ፦
ማታ አሥራ ሁለት ሲል አንድ፣ አራት ሲል አንድ፣ ሲነጋ አንድ።
ሃያ አንድ ቀን።
የሽምብጥ ሰው ግቢያችንን ሲያይ ዕቁብ የምንጥል መስሎታል።

መጀመሪያ ፍሪዘሩን ፈተንሁት።
ሽማግሌ ነው፤ ሲነሳ እንደ ባጃጅ ያጓራል፣
ሆዱ ግን ቆሮሶና አምባዛ በእምነት ያሳድራል።
አንድ ኩባያ ውሃ በረዶ አድርጌ
የአንድ ብር ሳንቲም አናቱ ላይ አኖርሁ፤
ከቀለጠ ትሰምጣለች፣ ከጸና ትቀመጣለች።
በአሥራ ሁለት ሶኬቱን ነቀልሁ። በአራት ከፈትሁ።
ሳንቲሟ እንዳለች ናት፤ ላብ እንኳ አልነካት።
«ይኼስ አለፈ» አልሁ፣ ገና ሌላውን ሳልጠይቅ።

ሌላውማ አፍ አለው።
ይታክቱ፣ ተከራያችን፣ የደንብ ልብስ ሰፊዋ፣
አንድ ቆጣሪ ነን፣ የእሷም የእኔም፣
«በሌሊት ልስፋ?» አለች፤ «ግድግዳው ኮምፔርሳቶ ነው፤
የኔዋ ሕፃን እንኳን በመኪና፣ በክር መበጠስ ትነቃለች።
ደንበኛስ ከሥራ ሲወጣ እንጂ በውድቅት ይመጣል?»
አንሙት ባሌ የባንክ ዘብ ነው። ጫማውን እያሰረ ሳቀ፦
«ርካሹን ሰዓት ነቅቼ የማድረው እኔ፣
ምን ያደርጋል፣ በሰው ደጅ፣ በሰው አምፖል ሥር ሆኜ።»

ቆጣሪ አንባቢው ታደገ ሲመጣ ያዝሁት፦
«ጣና ሰዓት የለውም። በጨረጨራ በር የሚወርደው
ቀንም ያው ውሃ ነው፣ ሌሊትም ያው።
ታዲያ ምሽት ላይ ማን አስወደደው?»
የግድግዳውን ጠመኔ እያነበበ ዝም አለ።
«ውሃው አይደለም እትዬ፤ እኛ ነን።
ከተማው እጁን የሚዘረጋው ሁሉም ባንድ ጊዜ ነው።»

ያን ማታ ደመርሁት። ከአሥር እጅ ስድስቱ
የሚነደው ከአሥራ ሁለት እስከ አራት ነው።
አምፖሏ አይደለችም፤ አምፖሏ ምን በላች?
ምድጃው ነው፣ የይታክቱ ካውያ ነው፣
አንሙት ሳይወጣ የሚታጠብበት ውሃ ነው።
ፍሪዘሩን ብቻ ባዛውር ዘጠና ስድስት ብር አተርፋለሁ፤
የቀረው መቶ ሠላሳ አንድ ይወስድብኛል።
ሠላሳ አምስት ብር ኪሳራ። ወጡን በዘጠኝ ሰዓት ልሥራ?
በዘጠኝ እኔ ሐይቁ ዳር ቅርፊት እፍቃለሁ።
ውዱ ሰዓት ለካ
ሁላችን ባንድ ጣራ ሥር የምንገኝበት ነው፤
አንሙት ዘብ ሳይወጣ፣ ልጁ መጽሐፏን ሳትከፍት፣
ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው፣ ከሃያ አራቱ።

ለዳቦ ጋጋሪው ለስማቸው «ፈርም» አልሁት፤
እሱ ድሮም ሊጡን የሚያነሳው ዶሮ ሳይጮህ ነው።
የኛን ወረቀት ግን ሳጥን ውስጥ አኖርሁት፣ አልቀደድሁትም።
ሳንቲሟም በረዶው ላይ ናት፣ አላወጣኋትም።
በመስከረም የኔዓለም ዩኒቨርሲቲ ከገባች፣
ይታክቱም እንዳለችው የራሷን ቆጣሪ ካስገባች፣
ለሁለት ሰው ምድጃው ምን ያህል ይነዳል?
ግድግዳውን አጥቤ እንደገና እጽፍበታለሁ።
ርካሹ ሰዓት ያን ጊዜ ይስማማን ይሆናል።